የአዴ ፋጡማ ሃርድ ዲስክ

እንደሻው በሐረር ያልቀረጸው ሰርግ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያየው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ፣ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር ወደ መኪና ግርግር በሚወርደው መንገድ አፍ ካለው ፎቅ፣ ፎቶ ቤት ከከፈተ ጀምሮ የሙስሊሞቹ ሰርግ ለሁለት ተከፍሎ ነበር የሚገባለት። የወንዶቹን እሱ ይቀርጻል። የሴቶቹን ቀን፣ ሙሽራዋ ሂና የምትቀባበትን፣ አክስትና አማት ሻሿን አውልቃ የምትጨፍርበትን፣ ሚስቱ ዮዲ ትቀርጻለች። እሱ ዕቃዋን ተሸክሞ እስከ ግቢው በር ያደርሳታል፤ ከዚያ ወዲያ ባዳ ነው።

ባዳነቱ በዚህ አያበቃም። ፊልሙን የምትቆርጠውም የምትቀጥለውም ዮዲ ነበረች፤ በፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ መጋረጃ ጋርዳ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ። እንደሻው ሻይ ይዞላት ሲመጣ እንኳ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እሷ ስክሪኑን ታጠፋና «ግባ» ትለዋለች። በገዛ ቤቱ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚገባ ባል! ጓደኞቹ ሲስቁበት ኖረዋል። እሱ ግን ነገሩ እንጀራው መሆኑን ያውቃል። ሰው እናቱንና እህቱን ለዚያ ፎቶ ቤት አምኖ የሚሰጠው በዮዲ ቃል ነበር፤ ቃሏም አጭር ነበረች፤ «ባሌ አያየውም።»

ፊልሙ ተሠርቶ ለቤተሰቡ ከተሰጠ በኋላ ጥሬው ቀረጻ ያለበት ሃርድ ዲስክ ይቀራል። «ይቺ ትቀነስልን፣ ያቺ ትጨመርልን» የሚል እስኪጠፋ ድረስ ወዲያው አይደመሰስም። ለዚህም ዮዲና የሙሽሮቹ እናቶች ራሳቸው ያወጡት ደንብ ነበራቸው። የሙሽራዋ እናት ከቤቷ ቁራጭ ጨርቅ ይዛ ትመጣለች፤ ዲስኩን ጠቅልላ በገዛ እጇ ትቋጥረዋለች። እያንዳንዷ የራሷ አቋጣጠር አላት፤ ሌላ ሰው ፈትቶ መልሶ ቢያስረው ታውቀዋለች። የመደምሰሻው ቀን ሲቆረጥ ያችው እናት መጥታ ትፈታዋለች፣ በፊቷ ይደመሰሳል፣ ጨርቋን አጣጥፋ ይዛ ትሄዳለች። ውል የለ፣ ፊርማ የለ፤ አንድም ቀን ጭቅጭቅ ተነስቶበት አያውቅም።

ዮዲ ክረምቱ ሊገባ ሲል ኩላሊቷን ታማ ሞተች። ለቀስተኛው እንደሻውን አየት እያደረገ ጠበቀ፤ እንባ የለም። ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል፣ ብላ ሲሉት ይጎርሳል። ድንኳኑ ውስጥ አምፖል ተቃጥሎ ሰዉ ግራ ሲጋባ ራሱ ተነስቶ ሄዶ አዲስ አመጣ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ገጠመው፣ መብራቱን አረጋገጠና ተመልሶ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ ተቀመጠ። «ደንዝዟል» አሉ። እውነታቸውን ነው።

የዮዲን ስልክ ያጸዳውም በዚያው ሰሞን ነው። እህቷ ነፃነት «ስልኳን ለማስታወሻ ስጠኝ» አለችው። እሱም እጁ የለመደውን አደረገ፤ ስልክ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ምን ምን እንደሚደረግ ለደንበኛ ሲመክር የኖረ ሰው ነው። ሲም ካርዱን አወጣ፣ ውስጡን አንድ ሳያስቀር ጠረገ፣ እንደ አዲስ አስነሳው፣ መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ሰጣት። ነፃነት ስልኩ «ቋንቋ ይምረጡ» ሲላት ቀና ብላ አየችው። ሚስቱን በቀበረ በሳምንቱ የሚስቱን ስልክ አጽድቶ የሚያስረክብን ሰው ምን ይሉታል? እሱ ራሱ ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ አልገባውም። የገባው ከብዙ ቀን በኋላ፣ አንድ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ፣ ዮዲ «ሳሙናው አልቋል» ስትል እንዴት ነበር የምትለው ብሎ ራሱን ሲጠይቅና መልሱ ቶሎ አልመጣ ሲለው ነው። ድምፅዋ ገና አልጠፋበትም፤ ግን ከሩቅ ነበር የመጣው።

ፎቶዋ ሞልቷል። ፎቶ አንሺ ያገባች ሴት ፎቶ አይቸግራትም። የቸገረው ድምፅ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት የሚውሉ ባልና ሚስት የድምፅ መልእክት አይላላኩም፤ ከወዲያ ማዶ ይጠራራሉ እንጂ። እንደሻው የክርስቲያኑን ሰርግ፣ ክርስትናውን፣ ምርቃቱን ሁሉ እየከፈተ አዳመጠ። ዮዲ የቀረጸችው ሞልቷል፤ የተናገረችበት የለም። ካሜራ የያዘ ሰው አያወራም፤ ያስተማራት ራሱ ነው። የቀሩት በጨርቅ የተቋጠሩት ናቸው። በሴቶቹ ቀን ዮዲ እንደምታወራና እንደምትስቅ ያውቃል፤ ከበሩ ውጭ ሆኖ ስንት ጊዜ ሰምቷታል። እነሱን ደግሞ መክፈት አይችልም።

እናቶቹ አርባዋን ጠብቀው አንድ በአንድ መጡ። ዲስኩ አሁን ያለው በወንድ እጅ ነው፤ ማንም ይህን አፍ አውጥቶ አልተናገረም፣ አንዷም ግን ሳትመጣ አልቀረችም። እንደሻው የሁሉንም ደመሰሰ። በእያንዳንዱ ውስጥ ዮዲ እንዳለች እያወቀ ደመሰሰ። አንዷን እንኳ «እባክዎ፣ የሚስቴን ድምፅ ብቻ» ብሎ ለምን አልጠየቀም? ይህን የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ሊሰማው ይገባል፤ እሱ ደግሞ እጁ ብቻ ነበር የሚሠራው። በመጨረሻ መደርደሪያው ላይ አንድ ቋጠሮ ቀረ። አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ የአዴ ፋጡማ።

አዴ ፋጡማ የድሬ ጠያራ ሰው ናቸው። ኦቾሎኒ በጆንያ እያስጫኑ ከተማ ያወርዳሉ፤ ጀጎል ውስጥ የማያውቃቸው ነጋዴ የለም። ልጃቸው ናፊያ ጀጎል ስትዳር ዮዲ ነበረች የቀረጸቻት፤ ያ ሰርግ ዮዲ ሳትታመም የሠራችው የመጨረሻው ነው። «ሐሙስ እመጣለሁ» ብለው ላኩበት። ያኔ ነው እንደሻው ነቃ ያለው። ከዚህ ወዲያ ሌላ ዲስክ የለም።

ዲስክ በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንዱ አጭሩ ነው፤ ፎርማት ብለው ሲጫኑት ዓይን ሳይርገበገብ «ባዶ» ይላል። ባዶ ግን አይደለም። የመጽሐፉን ማውጫ ገንጥሎ ጥሎ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ እንደመተው ነው፤ ገጾቹ እዚያው ናቸው፣ የፈለገ ያገኛቸዋል። ሁለተኛው ረጅሙ ነው፤ ከዲስኩ መጀመሪያ ተነስቶ እያንዳንዷን ቦታ በዜሮ እየሸፈነ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ላዩ ላይ ሌላ ከተጻፈበት የፊተኛው አይመለስም። ዕቃው ትልቅ ከሆነ ቀን ይፈጃል፤ ሲያልቅ ግን አለቀ ነው። እንደሻው ረቡዕን ሙሉ ያሰበው አጭሩን ነው። አዴ ፋጡማ ሁለቱን አይለዩም። ተጭኖ «ይኸው ባዶ» ቢላቸው መርቀውት ይሄዳሉ፤ እሱ ደግሞ መልሶ ያወጣዋል፣ ስክሪኑን አጥፍቶ ድምፁን ብቻ ይሰማል። ዮዲ ያለችው «አያየውም» ነው፤ «አይሰማውም» አላለችም። እንዲህ እያለ ከራሱ ጋር ሲከራከር ዋለ፤ ክርክሩን ያሸነፈ መሰለው።

ሐሙስ ጠዋት አዴ ፋጡማ በደረጃው ላይ እያረፉ ወጡ። በአንድ እጃቸው ኦቾሎኒ የሞላ ፌስታል አንጠልጥለዋል።

«እንዴት አደርክ ልጄ? ሶብር እያደረግክ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አዴ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልሐምዱሊላህ። ፊትህ ግን አልተመለሰም።» ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። «በል አምጣው።»

አረንጓዴውን ቋጠሮ አስጨበጣቸው። አገላብጠው አዩት፣ የራሳቸው ነው፤ በጥርሳቸው ላላ አድርገው ፈቱትና ዲስኩን ሰጡት። እንደሻው ገመዱን ሰካ። የማውሱ ቀስት ወደ አጭሩ ሄደ።

«እስከ አስር ሰዓት ይቆያል አይደል?» አሉ አዴ ፋጡማ ፌስታሉን እየፈቱ። «ቀድመው ያስደመሰሱት ነግረውኛል። ለዙሁር እዚህ ጥግ ታሰግደኛለህ። ኦቾሎኒውን ያመጣሁት ዝም ብለን እንዳንቀመጥ ነው። አንተም ፈልፍል።»

ይህን ሁሉ ያሉት ቀና ብለው ሳያዩት ነው። እሱን ለመጠበቅ የመጡ አይመስሉም፤ አብረውት ሊውሉ የመጡ ነው የሚመስሉት። እንደሻው አሁን አጭሩን ቢጫን በአፉ መዋሸት አለበት፤ «አዲስ መንገድ ተገኘ፣ አሁን ቶሎ ያልቃል» ማለት አለበት። ውሸቱን ከውስጡ ፈለገው፤ አፉ ድረስ የሚያመጣው ጉልበት አጣ። ረጅሙን ተጫነው። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። የመጨረሻው ዲስክ ነው፣ ዮዲ ውስጡ ነች፣ እሱ ደግሞ ወንበሩን ስቦ ኦቾሎኒ መፈልፈል ያዘ። ምንም አልተሰማውም።

አዴ ፋጡማ ስለ ገበያው አወሩ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ናፊያ እርግዝና አወሩ። ከታች የመኪና ግርግር የስፌት መኪናዎች ድምፅ ይመጣል። ገለባው ጋዜጣ ላይ ተከመረ። ከዚያ፣ ሐዘንተኛን ሊያጽናኑ እንደሚፈልጉ ሴቶች ሁሉ፣ የሟቿን ደግነት አነሱ።

«ናፊያን ያን ቀን እንዴት እንዳደረገችልን ነግራህ ታውቃለች?»

«የሴቶቹን ቀን አትነግረኝም ነበር አዴ።»

«ውይ፣ እውነትህን ነው።» ሳቁ። «ሂናው ደርቆ፣ እኛም ደክሞን፣ ሴቱ ሊበተን ነው። ያን ካሜራዋን በሦስት እግሩ አቆመችና መሐል ገባች። ከበሮውን ከናፊያ አክስት ነጠቀቻት አቦ! በኦሮምኛውም ባማርኛውም እየቀላቀለች ዘፈነች። ድምፅዋ፣ ሱብሃነላህ! እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት ማን ያውቃል? የጀጎል ሴት ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ።»

እንደሻው የያዛትን ኦቾሎኒ ሳይሰብራት ቆመ።

«ካሜራው እየሠራ ነበር?»

«እየሠራ ነዋ፤ ቀዩ መብራቱ በርቷል። በፊልሙ ላይ ግን አላስገባችውም። ጠየቅኳት፤ ‹እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ ሙሽራ አይደለሁም› አለችኝ።»

«መጨረሻ ላይ ነው ያሉኝ? ሊበተን ሲል?»

«መጨረሻ ላይ።»

መስመሩን አየ። ሲሶውን ያህል ሞልቷል። ቀረጻው በተራ የተጫነ ከሆነ መጨረሻው ገና አልተነካም። እጁ ሄዶ አቁም የሚለውን ተጫነ፤ መስመሩ ባለበት ቀረ።

«ምነው? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። እኔ ነኝ ያቆምኩት።» ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደተናገረው አያውቅም፤ ወር ሙሉ ሲሸመድደው የኖረ ይመስል ያለ አንዳች ማቋረጥ ወጣ። «ድምፅዋ የለኝም አዴ። ስልኳን ራሴ አጠፋሁት። በሌላው ቀረጻ ሁሉ የለችም። የሌሎቹን እናቶች አንድም ሳልጠይቅ ደመሰስኩ። ይኼ የመጨረሻው ነው። ሌሊት ላይ እየረሳኋት ነው፣ ድምፅዋን።»

አዴ ፋጡማ ገለባውን ከቀሚሳቸው ላይ አራገፉ።

«የኔ ልጅ ብቻ ብትሆን እሺ ባልኩህ» አሉ። «እዚያ ውስጥ የሰው ልጅ አለች፣ የሰው ሚስት አለች። ራሳቸውን ገልጠው፣ ተዝናንተው። በኔ ቤት አማና ብለው ነው የገቡት። እኔ ብቻዬን ምን ብዬ እፈቅዳለሁ?»

«አውቃለሁ።»

«እሷም ‹ባሌ አያየውም› ብላኛለች። በዚያው ቃሏ ሞተች።»

«አውቃለሁ አዴ። ላስቀጥለው።» እጁን ወደ ማውሱ መለሰ። ይህን ያለው ተቀይሞ አይደለም፤ እንደ ልማዱ ነው።

«ቆይ እስቲ! ምን ያስቸኩልሃል?» ተቆጡ። እጁን በኦቾሎኒ አቧራ በነጣ መዳፋቸው መታ አደረጉት። «ሞኝ። እኔ አላይም? እኔ ሴት አይደለሁ? አንተ ወደ ግድግዳው ዙር። እኔ እፈልጋታለሁ። ሌላ ሰው ከሌለበት፣ ድምፅዋ ብቻ ካለ፣ እሱ የሷ ነው፤ የሷ ደግሞ ላንተ ይገባል። ሌላ ካለበት ግን እዚያው ይጠፋል። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

የጠፋ የሚፈልገውን ፕሮግራም ከፈተላቸው። ሥዕሉን እንዳያሳይ፣ ቁጥር ብቻ እንዲደረድር አደረገው፤ ስም የሌላቸው ቁርጥራጮች ከላይ እስከ ታች ተሰለፉ። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሰጠ። ግድግዳው ላይ ደንበኞች ለጉርድ ፎቶ የሚቀመጡበት ሰማያዊ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ሰው እዚያ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ቀስቱን ከታች ወደ ላይ ይዘው ይምጡ፤ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይጫኑ።»

«ተጫንኩት፣ እምቢ አለ።»

«ቶሎ ቶሎ ነው አዴ።»

«ጣቴ የኦቾሎኒ ጣት ነው፣ ቶሎ ቶሎ አያውቅም... ኣ! ተከፈተ። ያ ረቢ፣ ናፊያ! ልጄ፣ ሂናዋ... አንተ፣ ድምፁ የታል? ድዳ ሆናለች።»

እንደሻው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ በእጁ እየዳበሰ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነካካ። ተሰክቷል። ከፍ አደረገው፣ ምንም የለም። ሌላ እንዲከፍቱ ነገራቸው፤ ሌላም ከፈቱ፤ እሱም ድዳ ነው። ሦስተኛውን ሲከፍቱ ገባው።

የሰርግ ጫጫታ የካሜራውን ማይክ ስለሚያፍነው ዮዲ ማይኩን ዘግታ ድምፁን ለብቻው በትንሽ መቅጃ ነበር የምትይዘው። ወደ ዲስኩ ስትገለብጥ ደግሞ መጀመሪያ ድምፁን ታስገባለች፣ ከዚያ ምስሉን፤ መቅጃውንም ካሜራውንም ባዶ ታደርጋለች። ምስል ቢጎድል በሌላ ይሸፈናል፣ ድምፅ ከጠፋ ጠፋ፤ ስለዚህ ድምፅ ይቅደም። ይህንንም ያስተማራት ራሱ ነው። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ዜሮው የጀመረው ከዚያ ነው። አዴ ፋጡማ ስለ ዝናቡ ሲያወሩ፣ እሱ የመጀመሪያዋን ኦቾሎኒ ሲሰብር፣ ያኔ አልቋል።

«ይተዉት አዴ» አለ ለግድግዳው። «ድምፁ ተደምስሷል። የቀረው ምስሉ ነው።»

«እንዴት?»

ነገራቸው። አዴ ፋጡማ ግን አንዴ ከያዙ የሚለቁ ሰው አይደሉም፤ ከኋላው ማውሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማዋል። አንዱን ከፍተው «ሳህን ነው» ይላሉ፣ ሌላውን ከፍተው «የናፊያ አማት፣ ስትበላ» ይላሉ። ከዚያ ማውሱ ቆመ።

«ዮዲ» አሉ ቀስ ብለው። «ወላሂ ዮዲ። ከበሮውን ይዛለች።»

እንደሻው አልዞረም። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማያዊውን መጋረጃ ያይ ነበር። ፎቶዋ ሞልቶታል፤ ምስል ምን ያደርግለታል? እንዲህ እያሰበ ሳለ አንገቱ ላይ አንድ ነገር ሲጎትተው ተሰማው፤ መዞር ፈልጎ ነበር፣ በኃይል። አዴ ፋጡማ የጀርባውን መወጠር ሳያዩት አልቀሩም።

«ቆይ፣ ገና አትዙር» አሉት። የሻሽ መንኮሻኮሽ ተሰማ። «አሁን ዙር።»

ዞረ። አዴ ፋጡማ ትልቁን ሻሻቸውን ከትከሻቸው አውርደው ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሸፍነውታል፤ በአንድ ጥግ ብቻ፣ በሁለት እጃቸው ጨርቁን ሰብስበው፣ መዳፍ የምታክል ቦታ ከፍተዋል። በዚያች ክፍተት ውስጥ ዮዲ ነበረች። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፣ ላብ በላብ ሆናለች፣ አፏን ከፍታ ትዘፍናለች። እየጨፈረች ስለሆነ አንድ ቦታ አትቆምም፤ ወደ ቀኝ ስትሄድ አዴ ፋጡማ ክፍተቱን ይዘው ወደ ቀኝ ይከተሏታል፣ ስትመለስ ይመለሳሉ፤ የሌላ ሴት ክርን ብቅ ሲል ቶሎ ይጋርዱታል። እንደሻው እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። እቤት ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር፤ እዚህ እጇ ከበሮ ይዟል።

ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቀችው። እስከዚያች ሰዓት የጎደለችበት እንደ ዕቃ ነበር፤ ቦታዋ ባዶ ሆኖ። አሁን ደረቱ ላይ አንድ ሰው የተቀመጠ ያህል ከበደው፤ እንባ ግን አሁንም የለም።

«ምን እያለች ነው?» አለ።

አዴ ፋጡማ ክፍተቱን እንደያዙ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አዘነበሉ። «እኛ ጋ ሴት ተራ በተራ ባሏን ታማለች፤ የጨዋታ ነው። የሷ ተራ ደርሶ ነው። ቆይ... አዎ፣ ይቺ ናት፤ እዚህ ላይ ነው ሴቱ ሁሉ የሳቀው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና በገበያ ሲጮህ በኖረ የሻከረ ድምፃቸው፣ ክፍተቱን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ጣት ጠረጴዛውን እየመቱ አሉለት፤

«እኔ እዚህ ስጨፍር ሥራ ላይ ነኝ ብዬ፣
ደጅ ላይ ብርድ ፈጀው ቦርሳ ያዥ ሰውዬ።»

እንደሻው ሳቀ። ሳቁ ሳል መስሎ ነው የወጣው። ያን ቀን በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የካሜራውን ቦርሳ አቅፎ፣ እውነትም በርዶት ነበር። ውስጥ ሳቅ ሲፈነዳ ሰምቶ «ምን አግኝተው ነው?» ብሎ ነበር።

«ምግብ ላኩለት ብላ ያሳዘነችን ከዚያ በኋላ ነው» አሉ አዴ ፋጡማ። «ሳህን አልመጣልህም?»

«መጥቶልኛል።» ሩዝና ሥጋ ነበር፤ ሙልጭ አድርጎ በልቷል።

ምስሉ ተቆረጠ። ዮዲ ካሜራውን ልታጠፋ ስትመጣ ፊቷ ክፍተቱን ሞላው፣ ከዚያ ጠቆረ። አዴ ፋጡማ ሻሻቸውን ለቀቁ። እንደሻው ለሰከንድ እንኳ ሳያቅማማ ሁሉንም ዘጋና ረጅሙን ከመጀመሪያው አስጀመረው።

«ይቅርታ ልጄ» አሉት። «አስቀድሜ ባወራው ኖሮ...»

«እርስዎ ምን ያድርጉ።»

ዙሁር ደርሶ ጥግ ላይ ሰገዱ። እሱ ገለባውን ጠራረገ። ከሰላት ሲመለሱ፣ ወንበራቸውን ሲያስተካክሉ ጠብቆ «እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አላቸው። ደገሙለት። መስመሩ ግማሽ ሲሞላ ደግሞ ጠየቃቸው፤ ያኔ ትንሽ ዜማ ጨምረውበት አሉት። «እሷ እንኳ እንዲህ አልነበረም ያለችው፣ ከኔ በጣም ቀጠን ይል ነበር» አሉ፤ ቀጠን ሊያደርጉት ሞክረው ድምፃቸው ተሰነጠቀና ተዉት። እንደሻው ግን «ግድ የለም፣ እንደመጣልዎ ይበሉት» አላቸው። ስንት ጊዜ እንዳስባላቸው ለመናገር ያሳፍራል። ሰው ለአንድ ስንኝ እንዲህ ይለምናል? አዴ ፋጡማ ግን አልሰለቹም፤ ዲስኩ አልቆ «ተፈጽሟል» እስኪል ድረስ በጠየቃቸው ቁጥር ይሉለት ነበር።

ሲሄዱ አረንጓዴውን ጨርቅ አጣጥፈው ጉያቸው ከተቱት። ጭንቅላቱን ይዘው መረቁት፣ የተረፈውን ኦቾሎኒ ትተውለት፣ ደረጃውን እየተደገፉ ወረዱ። እንደሻው መስኮቱ ጋ ቆሞ መንገዱን ተሻግረው ከሰው ሲቀላቀሉ አያቸው። ደስ ብሎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከወራት በኋላ ደስ ያለው ያን ሰዓት ነው። ስንኟን ይዟታል። ዲስክ አይደለችም፣ ማንም አይደመስሳትም።

የኋላውን ክፍል መጋረጃ ገለጠና በዮዲ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስንኟን አሁን በዮዲ ድምፅ ሊሰማት ፈለገ። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ ቃሉ አንድም ሳይጎድል መጣ፣ የመጣው ግን የአዴ ፋጡማ ድምፅ ነው፤ የሻከረው፣ ከጠረጴዛው ምት ጋር። ተወውና ቀላሉን ሞከረ። ዮዲ ከዚህ ክፍል ሆና «እንደሻው» ብላ ስትጠራው፣ በቀን ስንት ጊዜ የምትጠራውን፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ከሩቅም ቢሆን ይሰማው የነበረውን። ጠበቀ። «እንደሻው» ያሉት አዴ ፋጡማ ናቸው። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም እሳቸው ናቸው።